ፀሐይን በቀስት መምታት

ይህን የተናገርኩት ጌምም ሰማይም የሚወዱ ጓደኞች በተሰበሰቡበት አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ፕሮጀክተሩ እምቢ ስላለ ፀሐይና ጨረቃን ያሳየሁት በብርቱካንና በሎሚ ነበር። እዚህ ስጽፈው መንተባተቡን ቀንሼዋለሁ፤ ቀልዱን ግን አልነካሁትም።

እንደምን አመሻችሁ።

በቆርቆሮ ልጀምር። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያደገ እስቲ እጁን ያውጣ። እሺ፣ በርከት ትላላችሁ። እንግዲያው ይህን ታውቁታላችሁ። ጣራው ላይ ሚስማር ተነቅሎ የቀረ ቀዳዳ አለ። ረፋዱ ላይ በዚያች ቀዳዳ ጨረር ይገባል፣ አቧራው ውስጡ ሲንሳፈፍ ይታያል፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ሳንቲም የምታክል ክብ ብርሃን ቁጭ ትላለች። ልጅ ሆኜ ብርሃኗ ክብ የሆነችው ቀዳዳው ክብ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ቀዳዳው የተቀደደ፣ የተጣመመ ነገር ነው። ክቧ ፀሐይ ናት። ወለሉ ላይ ያለችው የፀሐይ ምስል ናት፣ ተገልብጣ የወደቀች።

ይህ የገባኝ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። እሑድ ጠዋት፣ ኮሮና ሁላችንንም ቤት ያስቀመጠን ሰሞን። የዚያን ቀን ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ከኮንጎ ተነስቶ በደቡብ ሱዳንና በእኛ አገር አድርጎ ወደ የመን ተሻገረ። ላሊበላ ላይ ጨረቃ መሃል ገብታ ፀሐይ ቀለበት ሆነች። እኔ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ነበርኩ፤ እዚህ የታየው ከፊል ግርዶሽ ነው። አንዳንዱ ጎረቤት የራጅ ፊልም ይዞ ወጣ (ይህን እንዳታደርጉ፤ የራጅ ፊልም ዓይን አያድንም)። እኔ መነጽር አልነበረኝም። ቤት ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ግን ከጣራው ቀዳዳ ገብታ ግድግዳው ላይ ያረፈችውን ብርሃን አየኋት። ክብ አልነበረችም። ማጭድ ሆናለች። ግቢ ስወጣ ከዛፉ ሥር በየቅጠሉ መሃል ሾልኮ መሬት ላይ የወደቀው ብርሃን በሙሉ ማጭድ፣ ማጭድ፣ ማጭድ። አክስቴ አየችና «እግዚኦ!» ብላ ነጠላዋን ሳብ አደረገች። ወደ ውስጥ ግቡ አለችን፣ ክፉ ነገር ይመጣል ብላ።

አሁን ወደ ጌሙ።

በዚያው ሰሞን ጊዜ የምገፋው ስካይሪም እየተጫወትኩ ነበር። ግርዶሹ ካለፈ ሦስት አራት ቀን ቢሆነው ነው፣ ጨዋታው ውስጥ ቀስቴን ወደ ላይ አነሳሁና ፀሐይን መታኋት። አዎ፣ ፀሐይን። ጨለመ። ሰማዩ ደም መሰለ። ከዚያ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዛፍ ፈልጌ ሥሩን ማየት። ማጭድ አለ ወይ ብዬ። የለም። ተራ የዛፍ ጥላ ብቻ። የዛሬው ወሬዬ የተጀመረው እዚያ ዛፍ ሥር ነው። ለምን የለም?

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ። ስካይሪም በ2011 የወጣ ነው (የጌም ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ ነው፣ እንዳታምታቱ)፤ ኤልደር ስክሮልስ የሚባለው ተከታታይ አምስተኛው ዋና ክፍል። የሠራው ቤተስዳ ይባላል። ስሙ ቤተ ሳይዳን ካስታወሳችሁ ልክ ናችሁ፤ ኩባንያው ስሙን የወሰደው በ1986 ከተቋቋመባት ከሜሪላንዷ ቤተስዳ ከተማ ነው፣ የከተማዋ ስም ደግሞ ዞሮ ዞሮ ከዚያችው ከወንጌሏ መጠመቂያ የመጣ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ያላችሁ፣ የዘመዶቻችሁ ጎረቤት ማለት ነው። በጨዋታው ውስጥ ሰዓቱ ከእኛ ሰዓት 20 እጥፍ ይሮጣል፤ አንድ ሙሉ ቀን በእኛ 72 ደቂቃ ነው። ፕሌስቴሽን ቤት ገብታችሁ በሰዓት እየከፈላችሁ ልትጫወቱት ከሞከራችሁ አንዲት ፀሐይ ወጥታ ሳትጠልቅ ኪሳችሁ ይደርቃል፣ ወረፋ የሚጠብቁት የፊፋ ልጆችም አይለቋችሁም።

የዚያ ዓለም ሰማይ ታሪክ አለው፣ ታሪኩም ደስ ይላል። ዓለሟ ኒርን ትባላለች። ስትፈጠር ንድፏን ያወጣው ማግነስ የሚባል መለኮት ነበር። ሥራው መሃል ላይ ነገሩ ሁሉ እየጠፋ መሆኑን ሲያይ ጥሎ ሸሸ፤ ሲሸሽም ሰማዩን በስቶ ወጣ። የበሳው ቀዳዳ ፀሐይ ሆነ። ተከትለውት የሸሹት ትናንሾቹ ደግሞ ትናንሽ ቀዳዳ በሱ፣ እነሱ ከዋክብት ሆኑ። ከውጭ ያለው ብርሃን፣ የአስማት ሁሉ ምንጭ የሆነው፣ በቀዳዳዎቹ ይፈስሳል።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ሳቄ መጣ። ይሄ እኮ የአክስቴ ጣራ ነው! ቆርቆሮ፣ ሚስማር የነቀለው ቀዳዳ፣ ከውጭ የሚገባ ብርሃን። ሰዎቹ ዓለማቸውን በሙሉ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው ያስቀመጡት።

ፕላኔቶቹ ስምንት ናቸው፣ ስምንቱም አማልክት ናቸው። ክብ ይመስላሉ እንጂ ክብ አይደሉም ይባላል፤ እያንዳንዳቸው ወሰን የሌላቸው ሜዳዎች ናቸው፣ የሰው አእምሮ ያንን መሸከም ስለማይችል ነው ክብ አድርጎ የሚያያቸው። እኔ ይህን ማብራሪያ በጣም ነው የምወደው። ፈተና ላይ መልሱ ሲጠፋችሁ የምትጽፉትን ይመስላል።

ጨረቃዎቹ ደግሞ ሁለት ናቸው። ትንሿ ሴኩንዳ ትባላለች። ትልቋን፣ ቀይ የምትመስለውን፣ በአማርኛ እንዴት ልጻፋት ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ማሰር ስላት እስር ቤት ትሆናለች፣ ማሴር ስላት ሴራ ይሆናል። ጨዋታው የሚጀምረው እጃችሁን ታስራችሁ ጋሪ ላይ ስለሆነ ማሰር ብያታለሁ። ሁለቱም የሞተ አምላክ ሥጋ ናቸው ይላል ታሪኩ፤ ይህን እንለፈው፣ ራት በልታችሁ የመጣችሁ አላችሁ።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። ስካይሪም ውስጥ የጨረቃ ቅርጽ ስምንት ደረጃ አለው፣ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቀን ይቆያል። ሦስት ሲባዛ በስምንት 24። ስለዚህ የዚያ አገር የጨረቃ ወር 24 ቀን ነው ማለት ነው። ዓመታቸው ደግሞ እንደ እኛ 365 ቀን። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው እዚህ ካለ ቀድሞኝ እያሰላ ነው። በእኛ 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ይሆናል፣ ከ365 ሲቀነስ 11 ይተርፋል፣ አበቅቴ የሚነሳው ከዚያ ነው። በእነሱ 15 የጨረቃ ወር 360 ቀን ይሆናል፣ ትርፉ 5። አምስት ቀን! ጳጉሜ ራሷ! ፕሮግራመሮቹ ይህን አስበውበት ነው ብዬ አልከራከርም፣ በጭራሽ። ግን የዚያ አገር ደብተራ ሥራው ከእኛ ደብተራ በጣም ይቀልለት ነበር።

ጨረቃ እዚያ ጌጥ ብቻ አይደለችም። ካጂት የሚባሉ ድመት መሳይ ሕዝቦች አሉ። አንድ የካጂት ልጅ ሲያድግ ምን ዓይነት አካል እንደሚኖረው የሚወስነው በተወለደበት ሰዓት ሁለቱ ጨረቃዎች ያላቸው ቅርጽ ነው። አንዱ ሰው የሚያክል ሆኖ በሁለት እግሩ ይሄዳል፣ አንዱ የቤት ድመት ያክላል፣ አንዱ ሰው ጀርባው ላይ ተቀምጦበት የሚሄድ ግዙፍ አውሬ ይሆናል። በዚያ ላይ ሁለቱ ጨረቃዎች በአንድ መስመር ሲገጥሙና ሦስተኛ ጨረቃ ታየች ሲባል መሪያቸው ይወለዳል፤ በአንድ ዘመን አንድ ብቻ ነው ያለው። ይህ ግርዶሽ ነው እንግዲህ፣ ጨረቃ በጨረቃ ላይ። በዚያ ዓለም አቆጣጠር በአራተኛው ዘመን በ98 ዓመት ደግሞ ሁለቱም ጨረቃዎች ከሰማይ ጠፉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ሲመለሱ አንድ የፖለቲካ ቡድን «እኛ ነን የመለስናቸው» አለ፣ ካጂቶቹም አመኑት፣ አገራቸውም በዚያው ሰበብ በቡድኑ እጅ ገባ። ሰማይን የሚቆጣጠር የመሰለ ሰው ምድርን እንዴት እንደሚወስድ እነዚህ ጸሐፊዎች ገብቷቸዋል።

ታሪኩን እዚህ ላይ ወደድኩት። ከዚያ ጨዋታው ውስጥ ገብቼ ቀና አልኩ።

ሁለቱ ጨረቃዎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ ነው ያላቸው። አንዷ ሙሉ ስትሆን ሌላዋም ሙሉ፣ አንዷ ማጭድ ስትሆን ሌላዋም ማጭድ። እንዲህ ከሆነ ያ ሁሉ የካጂት ዓይነት ከየት መጣ? ቅርጾቹ ካልተለያዩ አብዛኛው የካጂት ዓይነት ሊወለድ አይችልም። መጽሐፉ ሌላ፣ ሰማዩ ሌላ። በዚያ ላይ ሙሉም ትሁን ባዶ፣ ጨረቃ የምትወጣው ማታ ማታ ነው። በእኛ ሰማይ አዲስ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር ወጥታ ከፀሐይ ጋር ነው የምትጠልቀው፣ ለዚህ ነው የማናያት። ፀሐይንም ልትጋርድ የምትችለው በዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

(እዚህ ጋ ነው ብርቱካኑና ሎሚው የመጡት።)

ብርቱካኑ ፀሐይ፣ ሎሚው ጨረቃ፣ ጭንቅላቴ ምድር። ሎሚውን አንድ ዓይኔ ፊት ሳቀርበው ብርቱካኑን በሙሉ ይሸፍነዋል። ሳርቀው መሃሉ ላይ ይቀመጥና ዙሪያው ብርቱካን ይተርፋል፣ ላሊበላ ላይ የታየው ይሄ ነው። በእኛ ሰማይ የሚገርመው ግጥጥሙ ነው። የፀሐይ ስፋት ከጨረቃ 400 እጥፍ ገደማ ነው፣ ርቀቷም እንዲሁ ወደ 400 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሁለቱ ከእዚህ ሲታዩ እኩል ይመስላሉ። ማንም አላዘዘውም። ለዘላለምም አይደለም፤ ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ትርቀናለች፣ ከ600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ሙሉ ግርዶሽ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ቀለበት ብቻ ይቀራል። በየወሩ ለምን ግርዶሽ አይሆንም የሚል ካለ፣ የጨረቃ መንገድ ከፀሐይ መንገድ በ5 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ከላይ ወይ ከታች ታልፋለች።

ማሰር በሰማይ ላይ ከእኛ ጨረቃ ብዙ እጥፍ ሰፍታ ነው የምትታየው። የእውነት በፀሐይ ፊት ብታልፍ ኖሮ ያንን በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ በጨረቃ ዙሪያ የሚታየውን ነጭ አክሊል ማየት አይቻልም ነበር፣ አክሊሉንም ጭምር ትውጠዋለች። ጨለማው ግን ረጅም ይሆን ነበር። ግን አታልፍም። ስንት ሰዓት ተጫውቻለሁ (ቁጥሩን እናቴ ልታነበው ስለምትችል አልናገርም) አንድም ቀን አላለፈችም።

ለምን እንደማታልፍ ስፈልግ ነው የዛፉ ጥላ ነገር የተፈታልኝ። አብዛኞቹ ጌሞች ሰማይን የሚሠሩት እንዲህ ነው። ተጫዋቹን እየተከተለ የሚሄድ ትልቅ ጉልላት አለ፣ እንደ ተደፋ ጎድጓዳ ሳህን። ብትሮጡም ብትጋልቡም አትደርሱበትም፣ አብሯችሁ ይሄዳል። ጉልላቱ ላይ ፀሐይ የምትባል ሥዕል ተለጥፋ ትዞራለች፣ ጨረቃም ሌላ ሥዕል ናት። ምድሩን የሚያበራው ግን ሥዕሏ አይደለችም! ለብቻው የተቀመጠ መብራት አለ። መብራቱ ቦታ የለውም፣ ስፋት የለውም፣ ያለው አቅጣጫ ብቻ ነው። ከዚህ ወገን አብራ ተብሏል፣ ያበራል። ስለዚህ ጌም ውስጥ ሁለት ፀሐይ አለች ማለት ነው፤ የምትታየው አታበራም፣ የምታበራው አትታይም።

አሁን ጨረቃዋ ሄዳ ፀሐይዋ ላይ ብትደረብ ምን ይሆናል? ሥዕል ሥዕልን ሸፈነ። መብራቱ ምን ገዶት? ቀኑ ቀን ሆኖ ይቀጥላል። ማጭዱም ለምን እንደሌለ በዚሁ ገባኝ። ከዛፍ ሥር ማጭድ የሚሠራው ፀሐይ ስፋት ስላላት ነው፣ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት፣ ሲነከስ ቅርጹ የሚለወጥ። ስፋት የሌለው መብራት ምኑ ይነከሳል?

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። በእኛ ሰማይ ግርዶሽ ግጥጥም ነው፣ ማንም ሳያዝዘው ይመጣል። በጌም ሰማይ ግን ግርዶሽ አዋጅ ነው። አንድ ሰው ኮድ ላይ «አሁን ይጨልም» ብሎ ካልጻፈ አይጨልምም። አንድ ሰው ከጻፈው ደግሞ ምክንያት አለው፣ ለአንድ ነገር ነው የጻፈው። ስለዚህ የጌም ግርዶሽ ሁልጊዜ ትርጉም አለው።

ቀስቴን ውሰዱ። በ2012 በወጣው ዶውንጋርድ በሚባለው ተጨማሪ ክፍል ውስጥ የአውሪኤል ቀስት አለ። ደም ጠጪዎቹ ቫምፓየሮች ፀሐይ ትጎዳቸዋለች፣ ቀን ከወጡ ይደክማሉ። ትንቢታቸው ፀሐይን ስለማጥፋት ነው። በተረገመ ደም የተነከረ ፍላጻ ያንን ቀስት ላይ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ስትለቁት ያ ቀን በሙሉ ይጨልማል፣ ቫምፓየሮቹም እንደልብ ይወጣሉ። ፍላጻው ይደርሳል፣ በጥቂት ሰከንድ። የእኛን ፀሐይ ለመምታት ብታስቡ፣ በሰከንድ 60 ሜትር በሚሄድ ጥሩ ፍላጻ፣ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ሳይወድቅ ሳይደክም ቢሄድ 80 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የተኮሰው ሰው ሽማግሌ ሆኖ ይሞታል፣ ልጁ ነው የሚያየው፣ ያውም ከስምንት ደቂቃ በኋላ፣ ብርሃኑ እስኪደርስ። ግን እዚያ ፀሐይ ጉልላት ላይ የተለጠፈች ናት፣ ስለዚህ እውነትም ቅርብ ናት። ጌሙ አልዋሸም።

ኦብሊቪየን የሚባለው የ2006ቱ ክፍልም የራሱ ግርዶሽ አለው። ሙታንን የሚያስነሱ ጠንቋዮች አምላካቸው ሰማይ ወጥቶ ጨረቃ ሆኗል ብለው ያምናሉ። ያ ጨረቃ የሞትና የቀብር ጠባቂ የሆነውን የአርካይን ፕላኔት በሳምንት አንዴ ገደማ ይሸፍነዋል፣ ጠባቂው ዓይኑ ሲጋረድ ጠንቋዮቹ ጥቁሩን ሥራቸውን ይሠራሉ፣ መሠዊያው ላይ ሐምራዊ ብርሃን ይወርዳል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግርዶሽ ማለት ጠባቂ ያላየበት ሰዓት። ከቀስቱ ይልቅ ይሄኛው ይበልጥብኛል።

ቴራሪያ ደግሞ ጭራሽ አያፍርም። ይህ ከጎን የሚታይ ባለ ሁለት ገጽታ ጌም ነው፣ እሱም በ2011 የወጣ። ጨዋታው ከከበደ በኋላ ሜካኒካል አለቆች ከሚባሉት ግዙፍ የብረት ጭራቆች ቢያንስ አንዱን ከገደላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ በየንጋቱ ዕጣ ይጣላል፤ ከ20 አንድ ዕድል። ከወጣ ቀኑን ሙሉ ግርዶሽ ነው፣ በእኛ ሰዓት 15 ደቂቃ። በምድር ላይ ሙሉ ግርዶሽ አንድ ቦታ ላይ ቢበዛ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው፣ ስለዚህ ቴራሪያ በእጥፍ በልጦናል። ትናንት ማታ ጨረቃ ሙሉ ነበረች ወይስ ባዶ፣ ማንም አይጠይቅም። ግርዶሽ ተጀመረ የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ ወዲያው ቫምፓየሩ፣ ፍራንከንስታይኑ፣ የሚበረው ግዙፍ የእሳት ራት፣ ሁሉም በሩ ላይ ናቸው። ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ? ቤት ገብቶ በር መዝጋት። አክስቴ ቴራሪያ ውስጥ ብትኖር ኖሮ ትክክል ነበረች።

ማይንክራፍት ላይ አልቆይም፣ ግን አንዲት ነገር ሳልናገር አላልፍም። እዚያ ፀሐይና ጨረቃ ልክ ትይዩ ናቸው፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትጠልቃለች፣ ሁልጊዜ። አንድ ቀን 20 ደቂቃ፣ የጨረቃ ወር 8 ቀን። ትይዩ ከሆኑ የፀሐይ ግርዶሽ ለዘላለም አይኖርም፣ ይሄ ግልጽ ነው። ግን ትይዩ የሆነች ጨረቃ ሁልጊዜ ሙሉ መሆን ነበረባት፣ ምክንያቱም ፀሐይ ፊት ለፊት ነው የምታበራላት። ከዚያም በላይ ምድር በሁለቱ መሃል ስለምትቆም ሌሊቱ ሁሉ የጨረቃ ግርዶሽ መሆን ነበረበት! በየቀኑ! ይህን ለአንድ የአሥር ዓመት ልጅ ነግሬው ነበር፣ «እና ስላይሙስ?» አለኝ። ስላይም የሚባለው የሚዘልል ዝልግልግ ፍጡር ረግረግ ላይ የሚበዛው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ነው፣ ባዶ ስትሆን አይመጣም። እሱን የሚያሳስበው ያ ነበር። ልክ ነው ልጁ።

ዜልዳ ውስጥ ያለው የደም ጨረቃ ግን ለብቻው አንድ ምሽት ይበቃዋል። የ2017ቱን፣ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ የሚባለውን ነው የምላችሁ። ጨረቃ እኩለ ሌሊት ላይ ቀይ ትሆናለች፣ ሙዚቃው ይለወጣል፣ የገደላችኋቸው ጭራቆች በሙሉ ይነሳሉ። በታሪኩ የክፉው ኃይል ሥራ ነው። ተጫዋቾች በኋላ ያወቁት ግን ሌላ ነገር ነው። ጌሙ የሞተውን፣ የተሰበረውን፣ የተነሳውን ሁሉ ማስታወስ አለበት፣ የማሽኑ ማስታወሻ ደግሞ ወሰን አለው። የደም ጨረቃዋ ያንን ዝርዝር ጠራርጋ ትጀምራለች። እንዲያውም ማስታወሻው ከተጨናነቀ ሰዓቱን ሳትጠብቅ ድንገት ትመጣለች፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን። ቤት የሚጠርግ ሰው እንግዶቹን «እስቲ ለአፍታ ውጡልኝ» እንደሚለው ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያቺን ጨረቃ ሳያት አልፈራም፣ አዝንላታለሁ።

በእኛ ሰማይ ጨረቃ በግርዶሽ ጊዜ የምትቀላው በሌላ ምክንያት ነው። ምድር በመሃል ገብታ ቀጥታውን ብርሃን ስትከለክል፣ በከባቢ አየራችን ጠርዝ ታጥፎ የሚያልፈው ቀይ ብርሃን ብቻ ይደርሳታል። በዚያች ደቂቃ በዓለም ዙሪያ ያለ ንጋትና ምሽት ሁሉ ተጠራቅሞ ነው ጨረቃ ላይ የሚያርፈው።

አሁን አንድ ጌም ቀረኝ፣ ከሁሉም የማከብረው። ድራጎን የለውም፣ አስማት የለውም፣ አረንጓዴ ትናንሽ ሰዎች ግን አሉት። ከርባል ስፔስ ፕሮግራም። ሮኬት ሠርታችሁ ትተኩሳላችሁ፣ ይፈነዳል፣ እንደገና ትሠራላችሁ። እዚህ ሰማዩ ጉልላት አይደለም። ፀሐይዋ እውነተኛ ቦታ አላት፣ ጨረቃዋ ሙን ራዲየሷ 200 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከከርቢን፣ ማለትም ከጌሙ ምድር፣ 12,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ትዞራለች።

እዚያ የመጀመሪያ ሳተላይቴን ሳመጥቅ ባትሪ አሳነስኩ፣ ክብደት ልቆጥብ ብዬ። ፀሐይ አለችኝ፣ ሶላር ፓነል አለኝ፣ ምን አስጨነቀኝ? አንድ ጊዜ ልክ አንቴናውን ላዞር ስል ኃይሉ ጠፋ። ሌሊት አይደለም፣ ከርቢን ከኋላዬ ናት። ፓነሉን ስነካው በሙን ተጋርዷል ይላል። ዞር ብዬ ሳይ ጨረቃዋ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላለች። ማንም አልነገረኝም። ሙዚቃ አልተቀየረም፣ ጽሑፍ አልወጣም፣ ጭራቅ አልመጣም። በቃ ገጠሙ። ወንበሬ ላይ ተነስቼ ጮህኩ፣ ሳተላይቴን እያጣሁ።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት በኋላ። የሙን መንገድ ምንም አላዘነበለም፣ ዜሮ ዲግሪ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር ፀሐይ ፊት ታልፋለች፣ በጌሙ ሰዓት በየ39 ሰዓቱ ገደማ። ከከርቢን ምድር ወገብ ላይ ቆማችሁ ስትለኩት ፀሐይዋ 2.2 ዲግሪ ትሰፋለች፣ ሙን ወደ 2 ዲግሪ። ትንሽ ያንሳታል። ስለዚህ ዙሪያዋን ብርሃን ይተርፋል። ቀለበት! ሳያስቡት የላሊበላን ግርዶሽ ሠርተው፣ በየ39 ሰዓቱ።

ጨርሻለሁ፣ ጥያቄ ካለ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ነበር፦ «ታዲያ የትኛው ይሻላል? የታዘዘው ወይስ የገጠመው?» ለጨዋታ የታዘዘው ይሻላል አልኩት፣ ሳልዋሽ። ከርባል ላይ ግርዶሹ ያመለጣቸው ተጫዋቾች ካዩት ይበዛሉ፣ ማንም ቀና በሉ አላላቸውም። ቴራሪያ ላይ ያመለጠው የለም። እኔ ግን ወንበር ላይ ቆሜ የጮህኩት ለቴራሪያ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የሁላችሁም ይመስለኛል፦ በእኛ አቅራቢያ የሚያልፈው ቀጣዩ ሙሉ ግርዶሽ መቼና የት ነው? ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ነሐሴ 2 ቀን 2027፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነስቶ በደቡብ ስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ፣ በቀይ ባሕር አልፎ ወደ ሳዑዲና የመን ይሄዳል። ሉክሶር ላይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይጨልማል። ጅዳና መካ መንገዱ ላይ ናቸው፤ ጅዳ ወንድም እህት ያላችሁ አሁኑኑ ንገሯቸው፣ ለግርዶሽ የተሠራ መነጽር ቀድመው ይግዙ። እኛ ዘንድ ከፊል ነው የሚታየው፣ ከቀትር በኋላ፣ ያውም ሐምሌ ነውና ደመናው ከፈቀደ።

አንዲት ልጅ «አክስትህ ቤት እንሰብሰባ» አለች። አይሆንም። ዓምና ኮርኒስ አስገብታለች።